የአንድ ሰከንድ ደብዳቤ

ያለፈው ሳምንት ላመለጣችሁ ግድ የለም፣ ቁጭ በሉ፣ ባጭሩ ላስገባችሁ። እኔ የቀለም ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሙሉ በሙሉ በእጅ የምትሣል አንዲት አጭር ፊልም ሦስት ዓመት ስንሠራ ቆይተን ወደ ማለቂያዋ ደርሰናል። ርዝመቷ ሰባት ደቂቃ ነው። ሰባት ደቂቃ ስላችሁ አትሳቁ፤ አንዷ ሰከንድ ብቻ ሃያ አራት ሥዕል ትበላለች። ባለቤቴ ማታ ማታ «ዛሬስ ስንት ሰከንድ ሠራችሁ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ኖሯል። አንዳንድ ቀን መልሴ «ግማሽ» ነበር።

ፊልሟ የአንድ ነጭ ሸሚዝ ታሪክ ናት። ሸሚዙ ከፎቅ ላይ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲደርቅ፣ እታች ግቢ ውስጥ የተሰጣች ሰማያዊ ቀሚስ ያያል። ነፋስ ይነሳል፣ መቆንጠጫው ይለቃል፣ ሸሚዙም ባዶ እጅጌውን ዘርግቶ በጣሪያዎች ላይ ይንሳፈፋል። ሰው የለም፣ ንግግር የለም። እኛ ግን ስንቀባው ሁላችንም የምናውቀው ሰው ውስጡ ያለ ይመስለን ነበር። አንዳንዴ ብሩሼን አንስቼ በመስኮት ወደ ውጭ ስመለከት፣ የሰፈሩ ልብስ ሁሉ ሊበር የተዘጋጀ ይመስለኛል።

ሸሚዙን የምትሥለው ልጅ ቀጭን ናት፣ እርሳስም ከጸጉሯ አይጠፋም፤ ስለዚህ «እርሳሴ» እንላታለን። አባቷ ዳኛ ናቸው። ካሜራውን የያዘው ልጅ ደግሞ በቀን ሁለት ቃል ከተናገረ ያ ቀን በዓል ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ብለን «ወርቁ» አልነው። እናቱ ላውንደሪ ቤት ልብስ ይተኩሳሉ። የዳኛው ሸሚዝ ሁሉ በእሳቸው ካውያ ሥር ያልፋል፤ ተጣጥፎ ዳኛው ቤት ጓሮ በር ድረስ የሚያደርሱትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ፍቅር መርጦ የሚያርፍበትን አያውቅም።

በእኔ ክፍልና በካሜራው ክፍል መካከል የተቀባውን ሥዕል የማሳልፍባት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። እርሳሴ እጇ ሥራ ሲፈታ እኔ ዘንድ ትመጣና «እትዬ፣ ይህ ሰማያዊ አልበዛም?» ትለኛለች። ዓይኗ ግን ሰማያዊው ላይ አይደለም፣ መስኮቷ ላይ ነው። በመስኮቷ ማዶ ደግሞ ወርቁ አንዲቷን ወረቀት ለመቀበል አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተያዩ። ሰላምታቸው እንኳ ከአንገት መነቅነቅ አላለፈም።

እዚህ ላይ ነበር ዳኛው የተናገሩት። «የልጅ ጨዋታ ይበቃል» አሉ። ታላቅ ልጃቸው ሩቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ የእሷ ባል ለእርሳሴ የቢሮ ሥራ አግኝቶላታል። የቅዳሜ ጠዋት ባቡር ትኬት ተቆረጠ።

ሰኞ ዕለት እኔ ክፍል መጥታ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። ቀለም የነካው ጨርቅ አንስታ ታጥፈው ጀመር።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ቅሪ ቢለኝ እቀራለሁ። አባዬ ፊት ቆሜ አልሄድም እላለሁ። እሱ ካላለኝ ግን ለምን ብዬ ነው የምጣላው?»

«ታዲያ ለምን አንቺ አትነግሪውም?»

«በአፌ? ባለፈው ልነግረው ገብቼ፣ አምፖሉ ስንት ዋት እንደሆነ ጠይቄው ወጣሁ።»

«እሱስ ምን አለሽ?»

«‹አምስት መቶ› አለኝ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ጨርቁን ለአራት አጥፋ ጨረሰችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «በእጄ ግን መናገር እችላለሁ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁት ተስፋ ለእኔም ተረፈኝ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ትልቅ ቡናማ ፖስታ ይዛ ወደ ካሜራው ክፍል ስትገባ አየኋት። ወንበሩ ላይ አስቀምጣ በእግር ጣቷ እየረገጠች ወጣች። እኔ ምንም እንዳላየ ሰው አንገቴን ደፋሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ልቤ ከሥራዬ ጋር አልነበረም፤ የሸሚዙን ጥላ በሙሉ ሐምራዊ ቀብቼው ስድስት ሥዕል መልሼ ማስተካከል ነበረብኝ። በሃምሳ ዓመቴ የሌላ ሰው ደብዳቤ እንዲህ ሲያስደነግጠኝ በራሴ አፈርኩ፣ ደስም አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት እርሳሴ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ። በወርቁ እጅ የተጻፈች ናት፤ «ገብቶኛል። መንገድሽ የቀና ይሁን» ትላለች።

ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ጀርባዋንም ገልብጬ አየሁ፣ ምንም የለም።

«እምቢ እንኳ አላለኝም እትዬ» አለችኝ። «መንገድ ነው የመረቀልኝ።»

«ልጄ፣ ምናልባት...»

«ምናልባት የለም። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ለማንም ሰው ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።» በክንዷ ያቀፈችውን የወረቀት ክምር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። «የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ሸሚዙ ቀሚሷ ጋ ይደርሳል። ቢያንስ እሱ ይድረስ።»

እርሳሷን ከጸጉሯ ነቅላ ክምሩ አጠገብ አስቀመጠችና ወጣች። እኔም የሸሚዙን የመጨረሻ ጉዞ ሁለት ቀን ሙሉ ስቀባ ዋልኩ። ነጩን ነጭ ማድረግ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ወርቁን ሰላምታ ነፈግኩት። የተቀባውን በመስኮቷ እየገፋሁ መስኮቷን ጠርቀም አደርግ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያን ሰሞን ቢያስነጥሰው እንኳ ይማርህ አልለውም ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ክምር በመስኮቷ ማሳለፍ አላስቻለኝም፤ እኔው ራሴ ይዤው ገባሁ። ያ ክፍል ሁልጊዜ ልቤን ያባባዋል። ግድግዳው ጥቁር ነው። ካሜራው ከላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ጠረጴዛውን ይመለከታል። በግራና በቀኝ አምፖሎች ይበራሉ፣ ሙቀታቸው ያፈዛል። ወርቁ አንዲቷን ሥዕል ያስተኛል፣ መስታወቱን ያወርድባታል፣ ቁልፉን ይጫናል፤ ቀጭ። ከክምሩ አናት ሌላዋን ያነሳል፤ ቀጭ። ሸሚዙ ከቀሚሷ አንድ ጣት ያህል ርቀት ላይ ነበር፣ እጅጌው ተዘርግቶ፣ በብርሃኑ ውስጥ ተንሳፍፎ።

«ተቀይመውኛል አይደል?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«አልተቀየምኩም። ታዘብኩህ እንጂ።»

«ልትሄድ ነው እኮ። እኔ ምን ላድርግ? እናቴም ሰምታ ‹እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ› አለችኝ። እውነቷን ነው።»

«ልትሄድ ነው ብሎ ማን ነገረህ?»

«ራሷ ነገረችኝ።» ከፊልም ቆርቆሮዎቹ ሥር ያን ቡናማ ፖስታ አወጣ። አወጣጡን አይቼ ንዴቴ በረደ፤ የታመመ ሕፃን ከአልጋ እንደሚያነሳ ሰው ነበር። በፖስታው ውስጥ ያለው ጽሑፍ አልነበረም። በእርሳስ ብቻ የተሣሉ፣ ያልተቀቡ ሃያ አራት ሥዕሎች ነበሩ፤ አንድ ሰከንድ ማለት ነው። በላያቸው አንዲት መስመር ብቻ ተጽፋለች፤ «ይህ ለፊልሙ አይደለም፣ ላንተ ነው።»

ከአናት ጀምሮ አንድ በአንድ እያነሳ ያሳየኝ ጀመር። «ይኸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘናል። እዚህ ጋ እጇን ታስለቅቃለች። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች ትርቃለች። በሩ ጋ ስትደርስ ሻንጣዋን ታነሳለች። አለቀ።»

እሷንም እሱንም እንዴት አድርጋ ሥላቸዋለች! ትከሻው ሳይቀር እሱኑ ነው። ግን ልቤ አንድ ነገር አልቀበል አለ።

«ቁጥር የለውም?» አልኩት።

«የለውም።»

በሥራ ላይ እያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ቁጥር አለው። ደብዳቤ ላይ ግን ማን ቁጥር ይጽፋል! ክምሩን ተቀበልኩትና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሠዓሊዎቹ በተረከብኩ ቁጥር እንደማደርገው፣ ከታች በኩል በአውራ ጣቴ ለቀቅኩት።

ልጅቷ በሩ ላይ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ሻንጣውን አስቀመጠችው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ሌላ እርምጃ። እጇን ዘረጋች፣ እጁን ያዘች፣ ቀና ብላ አየችው። አለቀ።

እንደገና ለቀቅኩት። እንደገና መጣች።

«አንተ ልጅ!» አልኩ፣ ድምፄ ራሴን እስኪያስደነግጠኝ። «ገልብጠህ እኮ ነው ያየኸው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠዓሊዎች ብርሃን በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያውን ሥዕል ከታች አድርገው፣ ተከታዩን በላዩ እያነጠፉ ይሥላሉ። ስለዚህ የእነሱ ክምር መጀመሪያው ከታች ነው። እኛ የቀለም ሰዎች ከዚያ ክምር አናት እያነሳን እንቀባለን፤ የደረቀውን አንዱን ባንዱ ላይ እንከምራለን። በዚህ መሐል መጨረሻው ታች ይወርዳል፣ መጀመሪያው አናት ላይ ይወጣል። ካሜራው ዘንድ ሲደርስም ከአናት ይጀመራል። ማንም አስቦበት አያውቅም፣ ማንም ለማንም ነግሮት አያውቅም፤ ሥራው ራሱ ይገለብጠዋል። ወርቁ በሕይወቱ ያልተቀባ ሥዕል ተረክቦ አያውቅም። እሷም ደብዳቤዋን በእኔ እጅ ማሳለፍ አፍራ በቀጥታ ወንበሩ ላይ አኖረችው።

«ደግሞስ» አልኩት፣ ንዴቴ ተመልሶ መጣና፣ «ወደ ኋላዋ እየተራመደች የምትሄድ ሴት የት አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔማ...» አለ፣ መስታወቱን በእጅጌው እየወለወለ። «ዓይኗን ከእኔ ላይ መንቀል ያቃታት መስሎኝ ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ ነው የምሄደው።»

ይህን ለሚል ሰው ምን ትሉታላችሁ? ክምሩን መለስኩለት። እሱ ግን አልተቀበለኝም፤ «አንዴ ይድገሙልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። «አንዴ ብቻ።» ደግሜ ለቀቅኩት። በዚያ ሞቃት ብርሃን ውስጥ ያቺ የእርሳስ ልጅ ሻንጣዋን እያስቀመጠች፣ እየመጣች፣ እጁን እየያዘች፣ ሰባት ጊዜ ያህል መጣችለት። በስምንተኛው ዓይኑ ሞልቶ ማየት ተሳነው።

ከዚያ ተነሳና አምፖሎቹን ሁሉ አጠፋ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተጀመረ ትዕይንት መብራቱ ከጠፋበት ብርሃኑ ስለማይመሳሰል ከመጀመሪያው መነሳት አለበት፤ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ኮሪደሩ ላይ አለቃችን ተገተረብን። «መብራቱን ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወርቁ። «ነገ እደግመዋለሁ። ዛሬ ልክ የማደርገው ነገር አለኝ።»

አለቃችን ከዚህ ሰው አፍ ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ጊዜ ሰምቶ ስለማያውቅ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እኛም በአጠገቡ አለፍን።

የከሰዓት ፀሐይ መንገዱን ወርቃማ አድርጎታል። ዛፎቹ ጥላቸውን አስፋልቱ ላይ ጥለዋል። ወርቁ ፖስታውን ደረቱ ላይ ይዞ ይራመዳል፣ እኔም በወፍራም ቁመናዬ እከተለዋለሁ። «እትዬ፣ ምን ብዬ ልጀምር?» አለኝ አንዴ። «የምን መጀመር! አንተ መጨረስን ተማር» አልኩት። እኔም በውስጤ ልጁን ወደ ውርደት እየመራሁት እንዳይሆን እየፈራሁ ነበር።

ዳኛው ቤት ደርሰን ወርቁ ዋናው በር ፊት ቆም አለ። እናቱ በዚያ በር ገብተው አያውቁም። ከዚያ ደወሉን ተጫነ።

የከፈቱት ዳኛው ራሳቸው ናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ኮሌታው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጀርባቸው ደረጃው ሥር ሁለት ሻንጣዎች ተደርድረዋል።

«ምን ነበር?»

«ልጅዎን ላነጋግር ነው የመጣሁት።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የለበሱትን ሸሚዝ የተኮሰችልዎት እናቴ ናት።»

ዳኛው ሳያውቁት እጃቸው ወደ ኮሌታቸው ሄደ። «እና ልጄን ምን ልትላት ነው?»

«ጠይቃኝ የተሳሳተ መልስ ሰጥቻታለሁ። ላርም ነው።»

እርሳሴ ደረጃው አናት ላይ ብቅ አለች። የምታጣጥፈውን ቀሚስ በእጇ እንደያዘች ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ አላየኋትም ነበር፤ ፊቷ ቀጥኖ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«መልስህ ደርሶኛል» አለች። «አመሰግናለሁ። መንገዱም ይቀናል።»

«ከላይ ጀምሬ ነው ያየሁት» አለ ወርቁ።

«ምኑን?»

«ደብዳቤሽን። ከአናቱ ጀመርኩት። ስትሄጂ ነው ያየሁሽ።»

ሲገባት አየሁ። መጀመሪያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ሥዕሎቹን በልቧ የምትገለብጥ መሰለችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ የማመን ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ደግሞ ተቆጣች።

«ሦስት ቀን! አንድ ጊዜ መጥተህ ‹ለምን ትሄጃለሽ› ብትለኝ ምን ነበረበት? ሰው ዝም ብሎ መንገድ ይመርቃል?»

«ፈራሁ። ይህን በር ፈራሁ። አንቺንም ፈራሁ።» ፖስታውን ወደ እሷ ከፍ አደረገ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የሣልሽውን ሁሉ አንድ በአንድ መስታወት ሥር አስተኝቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሰባት ደቂቃ አይቶ ይሄዳል። እኔ ግን እጅሽ የደከመበትን ቀን አውቀዋለሁ። ደስ ሲልሽ መስመርሽ እንደሚቀጥን አውቃለሁ። አንድ ሰሞን አሞሽ ሳለ ሸሚዙ እንኳ አጎንብሶ ነበር፤ ማንም አላየውም፣ እኔ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሰላም ልልሽ አፌ ይተሳሰር ነበር። እወድሻለሁ። ቅሪ።»

እርሳሴ አላለቀሰችም። ቀሚሱን በደረጃው መደገፊያ ላይ አኖረችና ሦስት ደረጃ ወረደች።

«ልጄ» አሉ ዳኛው፣ «ባቡሩ ጠዋት ነው።»

«አልሄድም አባዬ።»

«ለዚህ ልጅ ብለሽ?»

«ለእሱም ነው። ግን እሱ ቅሪ እስኪለኝ መጠበቄ አሁን አሳፈረኝ። መሣል ነው የምወደው፣ ሥራዬም እዚህ ነው። ይህን ከማንም በፊት ላንተ መናገር ነበረብኝ። አንተንም ፈራሁ መሰለኝ።»

ዳኛው ችሎት ላይ ማስረጃ እንደሚቀበሉ ሁሉ እጃቸውን ወደ ወርቁ ዘረጉ። እሱም ፖስታውን ሰጣቸው። ወረቀቶቹን አውጥተው ጫፋቸውን አስተካከሉ።

«ከየት ነው የሚጀመረው?»

«ከታች!» አልን ሦስታችንም ባንድ አፍ።

በወፍራም አውራ ጣታቸው ለቀቁት። ሲያዩት ቅንድባቸው ተነሳ። እንደገና ለቀቁት። ሦስተኛው ላይ ቀስ አሉና እያንዳንዷን ወረቀት እያቆሙ አዩ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር፣ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።

«ይህቺ አንቺ ነሽ።»

«አዎ አባዬ።»

«ይህ እሱ ነው።»

«አዎ።»

«እኔስ?» አሉ። ድምፃቸው የዳኛ ድምፅ አልነበረም። «እኔ የት ነኝ?»

ያን ጊዜ ነው ሰውየውን ያየኋቸው። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ታላቋ ልጅ ሄዳለች። የታናሿን ሻንጣ ደግሞ ማን እንደሸከፈው፣ የሻንጣዎቹ ቀበቶ እንዴት ጠብቆ እንደታሰረ አይቼ አወቅኩ፤ የአባት እጅ ነው። ለእሷ ይሻላል ብለው ራሳቸውን ብቻቸውን ሊያስቀሩ ነበር።

እርሳሴ የቀሩትን ደረጃዎች ወርዳ ፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ አንተን በአንድ ሰከንድ አልጨርስህም።»

ዳኛው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ወረቀቶቹን ጭናቸው ላይ አኖሩ። በተከፈተው በር የገባው ነፋስ የላይኛዋን ወረቀት ሊወስዳት ሲል በመዳፋቸው ያዟት።

«ስንት ይፈጃል?»

«ምኑ?»

«እኔን መሣል።»

«ብዙ ነው አባዬ። ዓመታት ነው።»

ወረቀቶቹን አስተካክለው ወደ ፖስታው መለሷቸው። ከዚያ ቀና አሉ፤ ወርቁን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መጨረሻ ላይ እሷን።

«እንግዲያውስ» አሉ፣ «ቅሪ።»

እርሳሴ ያንን ቃል ከወርቁ አፍ ስትሰማ እንባ አልወጣትም ነበር። አሁን ግን አባቷ አጠገብ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጥላ፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ወርቁም እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እሷ ቀና ሳትል እጇን ወደ እሱ ዘረጋች።